እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ጊታር

ሥራ የጀመርኩት በአንድ ሰኞ ጠዋት ቦንጋ ከተማ ውስጥ፣ በጋሽ ከድር ሙዚቃ ቤት ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ አላበቃኝም ነበር። አክስቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝና "ቤት ከምትቀመጥ እርስዎ ጋ ትሥራ" አለቻቸው። ጋሽ ከድር ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ጆሮሽ ደህና ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ደህና ነው" አልኩ። "እንግዲያው ግቢ" አሉ። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር።

ጋሽ ከድር በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። በሱቁ ግማሽ ባትሪ ድንጋይ፣ ሳሙናና ክር ይሸጣሉ። ሌላው ግማሽ ሙዚቃ ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ካሴት ነው። ጠረጴዛው ላይ ባለ ሁለት ቤት ቴፕና አምፕሊፋየር፣ በሩ ላይ ደግሞ ቁመቱ እኔን የሚያክል ስፒከር አለ። አዲስ አበባን ሲዲ አጥለቅልቆታል ይባል ነበር፤ ወደ እኛ ግን ገና አንድ ሁለት እያለ ነው የሚመጣው። የመንገዱ ሾፌር ሁሉ የሚነዳው በካሴት ነበር።

የሥራ መደቤ ካሴት ቀጂ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ዛሬም በቃሌ እደግመዋለሁ። "እናትየዋ ካሴት በግራ፣ ባዶው በቀኝ" አሉኝ ጋሽ ከድር። "ከመቅዳትሽ በፊት የቴፑን ማንበቢያ፣ ሄዱን፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። የእናትየዋን ጥርስ ስበሪ። ጥርስ ያላትን እናት በስሕተት በቀኝ አስገብተሽ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ከተጫንሽ ዘፋኙን ገደልሽው ማለት ነው።" ጥርስ የሚሉት ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ነው። እሷ ከተሰበረች ቴፑ በላዩ አይቀዳም። በዚያ ቀን የሃያ ስምንት ካሴት ጥርስ ሰበርኩ። ጥፍሬ ተላጠ። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም፤ ቀኑን ሙሉ ዘፈን እየሰሙ መዋልን ሥራ ብሎ የሚጠራ ሰው ማግኘቴ ገርሞኝ ነበር።

ቴፑ ጎን ላይ የማስታወቂያ ማይክ ተሰክቷል። በሬ የጠፋበት፣ አዲስ ዕቃ ያስመጣ ሰው ይመጣና ጋሽ ከድር በማይኩ ይለፍፉለታል። በማይኩ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ስለዚች ማብሪያ ማንም አላስተማረኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ደምሴ የሚባል የቦንጋ ሺሺንዳ መስመር ሾፌር የድሮ ዘፈን ምርጥ አስቀዳ። ስቀዳለት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። መደርደሪያ እየጠረግሁ ከዘፋኙ ጋር አብሬ ዘፈንኩ። መዝፈን ብቻም አይደለም፤ ጮኽኩ። ማብሪያዋ ክፍት ነበረች።

ደምሴ በማግሥቱ ተመለሰ። ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ጋሽ ከድር፣ እዚህ ውስጥ አንዲት ሴት አለች" አለ።

ጋሽ ከድር ካሴቱን አጫወቱት። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ የእኔ ድምፅ ከዘፋኙ ኋላ እንደ ተቆጣ ሰው ብቅ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አወለቁ። "ዓለሚቱ፣ የሰው ካሴት ላይ ጮኽሽ?" አሉኝ። "ይቅርታ ጋሽ ከድር" አልኩ። "ይኸውልህ ደምሴ፣ አሁኑኑ ደግሜ በነጻ እቀዳልሃለሁ። ልጅቷንም ወደ አክስቷ እመልሳታለሁ" አሉ።

ደምሴ ካሴቱን ቶሎ ከቴፑ አወጣ። "ማን ደግመው ይቅዱልኝ አለ? ሺሺንዳ እስክንደርስ ተሳፋሪው አምስት ጊዜ አስደገመኝ። እኔ የመጣሁት ማን እንደሆነች ልጠይቅ ነው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ነሽ?" ራሴን ነቀነቅሁ። "ጉሮሮሽን ምን ነካው?" አለኝ።

የጉሮሮዬ ነገር ማንኪራ ነው የተጀመረው። እዚያ ነው የተወለድኩት። ጫካው እስከ እርሻችን ይደርሳል፤ በቆሎው ሲያፈራ ዝንጀሮ በመንጋ ይወርዳል። ትምህርት በሌለበት ቀን ሁሉ ማማ ላይ ተቀምጬ ስጮኽ እውላለሁ። ዝንጀሮ ቀጭን ድምፅ አይፈራም፤ ከሆድ የወጣ ሻካራ ድምፅ ካልሰማ ንቅንቅ አይልም። እናቴ ከማዶው ማማ ትጮኻለች፣ እኔ እመልስላታለሁ። ዝንጀሮው መሐላችን ግራ ይጋባል። ያን ጊዜ መዝፈን እየተማርኩ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤት ለመዝሙር ስንሰለፍ መምህሯ ጆሮዋን ወደየአፋችን እያስጠጋች ስትመርጥ እኔ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። "ዓለሚቱ፣ አንቺ አጨብጭቢ" አለችኝ። ሁለት ዓመት አጨበጨብኩ። ስለዚህ ደምሴ ያን ቀን ድምፄን ፈልጎ ሲመጣ እንዴት እንደሆንኩ ለማስረዳት ይቸግረኛል። ማታ እራት መብላት አቃተኝ።

ጋሽ ከድር አላባረሩኝም። ማብሪያዋን ግን በፕላስተር አሸጓት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የመኪና ሾፌር ያገለገሉ ካሴቶች በፌስታል አምጥቶ ሸጠልን። የጫካ ቡና ሊያጠኑ የመጡ ፈረንጆች ሲሄዱ የተዉለት ናቸው። ጋሽ ከድር "ክዳናቸው ደህና ነው። ላያቸው ላይ ቅጂባቸው" አሉኝ። ከመቅዳቴ በፊት ምን እንዳለባቸው አንድ በአንድ ሰማሁ። የመጀመሪያው ንግግር ነው፣ ሁለተኛው ፒያኖ። ሦስተኛው ጽሑፍ የለበትም። አስገባሁት።

የወጣው ድምፅ ወፍጮ ቤት ነው። እህል ሲገባበት የሚያጓራውን የሞተር ወፍጮ አስቡት። ከዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ተነሣች። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ እንደ ተጣላ ሰው፣ በመጨረሻ ጮኸች። ከማማ ላይ እንደሚጮኸው! በእጄ የያዝኩትን ጥጥ ጣልኩት።

ጋሽ ከድር ከሳሙናው በኩል "ምነው፣ ሄዱ ቆሽሿል እንዴ? አጥፊና ጥረጊው!" አሉ። ጠረግሁት። እንደገና አጫወትኩ። ያው ነው። "በደንብ ጥረጊው እንጂ!" ለሦስተኛ ጊዜ ጠረግሁ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቆሻሻ አይደለም። ሆን ብለው ነው ያሻከሩት! አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ ጊታር እንዲያጓራ አድርጓል፤ ሴትዮዋም ድምፄ ይሻክራል ብላ አጨብጫቢ አልሆነችም።

እንግሊዝኛዋን አልያዝኩትም። ስሟንም እስከ ዛሬ አላውቀውም። ያን ካሴት ግን አልቀዳሁበትም። ጥርሱን ሰብሬ ደበቅሁት።

በዚያው ሰሞን ደምሴ አንድ የወጣቶች የኪነት ማኅበር ተቀባይ ድምፃዊ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የማኅበሩ ባንድ መሪ አሥር አለቃ ተሰማ ናቸው። በደርግ ጊዜ በጦሩ የሙዚቃ ክፍል ጥሩምባ ይነፉ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከነጥሩምባቸው ወደ ቦንጋ ተመለሱ። ማዕረጋቸው ቢቀርም ከተማው ሁሉ አሥር አለቃ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ጋሽ ተሰማ ሲሏቸው አይዞሩም።

ለፈተና ስቀርብ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ እየመቱ "በዚህ ላይ ሂጂ" አሉኝ። የሰልፍ ምት ነው፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ሄድኩበት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። "ምት ትይዣለሽ። ድምፅሽ ግን ያልተሞረደ ነው። ተቀባይ ትሆኛለሽ፤ አለዝበሽ" አሉ።

በባንዱ ውስጥ ደረጃ አለ። ከላይ ዋና ድምፃዊ፣ ቀጥሎ ተለዋጭ፣ ከታች ተቀባይ። ተቀባይ ከማይኩ አንድ ክንድ ርቃ ትቆማለች። እኔ በአሥር አለቃ ትእዛዝ ሁለት ክንድ ርቄ እቆም ነበር። ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው። የሚያረፍድ ሰው በመዝገብ ላይ ስሙ በቀይ ይጻፋል። አሥር አለቃ ሁለት ነገር አጥብቀው አስተማሩኝ፤ ከምት አለመውጣትና ሌላው ሲጫወት ማዳመጥ። ያለ እሳቸው ጩኸቴ ጩኸት ሆኖ ይቀር ነበር።

ጊታር የሚጫወተው ማቴዎስ ነው። የፊዚክስ መምህሬ ነበር፤ ጊታር የተማረው በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከልምምድ በፊት ያን ካሴት በትንሽ ቴፕ አሰማሁት።

"ቲቸር፣ ይህን ድምፅ ማውጣት ይቻላል?"

ማቴዎስ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጠፈ። ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ። "ይሄ እኮ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ሞገድ ነው! ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲሰጡት መያዝ ያቅተዋል፤ የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል። የምትሰሚው የተቆረጠውን ነው" አለኝ። "ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለ። እኛ ጋ ግን የለም።"

"የማስታወቂያ ማይካችን የሚገባበት ቀዳዳስ?" አልኩት።

"ምኑ ውስጥ?"

"ቴፑ ውስጥ። ማይኩን ነቅለን ጊታሩን ብንሰካው።"

"ማይክ ትንሽ ነው የሚሰጠው" አለ ቀስ ብሎ፤ "ጊታር ግን… ዓለሚቱ፣ ነገ ምሳ ሰዓት እመጣለሁ።"

በማግሥቱ ጋሽ ከድር ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ማቴዎስ ጊታሩን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ፕላስተሩን ላጥን። ጊታሩን በማይኩ ቀዳዳ ሰካን፤ የቴፑን መውጫ ወደ አምፕሊፋየሩ። ባዶ ካሴት አስገብቼ ቀዩን ተጫንኩ፤ የቅጂውን መጠን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ማቴዎስ አንዲት ክር ብቻ መታ።

የቴፑ ድምፅ መለኪያ መርፌ ዘሎ ቀዩ ላይ ተጣበቀ። በሩ ላይ ያለው ስፒከር አጓራ! መንገድ ላይ የነበረ አህያ ጭነቱን ጥሎ ሮጠ። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ የሚሰፋውን ጨርቅ እንደታቀፈ ወጣ። እኔና ማቴዎስ ተያየን። "ድገመው!" አልኩት፤ ቲቸር ማለቱንም፣ አንቱታውንም ረሳሁት። ደገመው። እኔ ማማ ላይ እንዳለሁ ሆዴን ይዤ ጮኽኩ። ያን ቀን ያሰማነው ዘፈን አይደለም። ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ጓደኛ አገኘ።

ጋሽ ከድር እየሮጡ ገቡ። "ቴፔ ተቃጠለ!" አሉ።

"አልተቃጠለም ጋሽ ከድር፤ እንዲህ ነው የሚጮኸው" አልኩ።

"ማን ነው እንዲህ የሚጮኸው?"

"እኛ።"

ቴፑን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አልጋለም። ወጥተው መንገዱን አዩ። በሩ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። ተመለሱና "ምሳ ሰዓት ብቻ። ስፒከሩ ከተቀደደ ግን ሁለታችሁንም ቆርቆሮ ላይ ነው የምሰቅላችሁ" አሉ። በዚህ ፈቃድ ሦስት ወር ሠራን።

ግጥሙን የጻፍኩት በካሴት ክዳን ወረቀት ላይ ነው። አበባና ከንፈር ያለበት ዘፈን ሞከርኩ፤ ከጊታሩ ጋር አልሄደም። ስለማውቀው ነገር ጻፍኩ።

በቆሎዬን ተው፣ እርሻዬን ልቀቅ፣
ጉሮሮዬ እሳት ነው፣ ቀርበህ አትሳቅ።

ማንኪራ ሄጄ ለእናቴ ዘፈንኩላት። እናቴ አማርኛ እንደ ልቧ አትናገርም፤ በካፍኛ ተረጎምኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ዝንጀሮዎቹ ከእኔ ከዚህ የባሰ ሰምተው ያውቃሉ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠረሽ፤ ከዚህ ነው የሚወጣው" ብላ ሆዴን በጡጫ ነካ አደረገችኝ። ልክ ነበረች። አስተካከልኩት።

ከማቴዎስ ጋር ሆነን ለአሥር አለቃ አሰማናቸው። እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እግራቸው ግን ይመታ ነበር፤ አይቻለሁ።

"አይሆንም" አሉ።

"ምኑ ነው ያልሆነው አሥር አለቃ?" አለ ማቴዎስ።

"ጩኸቱን ተዉት፣ ጩኸት ለምጃለሁ። ግጥሙ ነው። ዝንጀሮው ማን ነው ይሉኛል።"

"ዝንጀሮ ነው" አልኩ።

"አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ጠያቂው ግን ሌላ ዝንጀሮ ይፈልጋል። እኔ በሁለት መንግሥት ነፍቻለሁ፤ ለአንዱም ያልታዘዝኩትን ነፍቼ አላውቅም። ማኅበሩን በአንቺ በቆሎ አላዘጋም። መድረክ ላይ ይህን ከጀመርሽ ከመዝገቤ ትሰረዣለሽ።"

አኮረፍኩ። አንድ ሳምንት ልምምድ ላይ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። አሥር አለቃ አወቁ፤ ግን አልተናገሩኝም።

ከዚያ ደካ ወደምትባል ከተማ ተጠራን። አንድ አዲስ የተሠራ ትምህርት ቤት ሊመረቅ ነው፤ ባንዱ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ይጫወታል። ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን፣ እኛም ዕቃው ላይ ተጭነን ሄድን። ጭቃው ሦስት ጊዜ አስወረደን። ጊታሩን ከማቴዎስ ጋር እንደ ሕፃን እየተቀባበልን አቀፍነው። ጋሽ ከድርም ጉድ ሠሩ፤ ስንነሣ ቴፑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ምናልባት ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው ይኖር ይሆናል" አሉ። የምር ይሁን ቀልድ፣ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

አዳራሹ አዲስ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ተማሪ፣ ገበሬ፣ የቢሮ ሰው፣ አሮጊት ሽማግሌ ሞልቶታል። ንግግር አልቆ ባንዱ ጀመረ። ዋና ድምፃዊያችን የመጀመሪያውን ዘፈን ሳትጨርስ ዝናቡ መጣ።

የካፋን ዝናብ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጠብታ ጠብታ እያለ አይጀምርም። በረዶ የቀላቀለው ዶፍ ያንን ባዶ ቆርቆሮ አንድ ጊዜ መታው። ክራሩ ጠፋ። ኪቦርዱ ጠፋ። ዋናዋ ድምፃዊ አፏ ይከፈታል፣ ምንም አይሰማም። ሰው እርስ በርሱ በእጅ ምልክት ማውራት ጀመረ። ኋላ ያሉት መነሣት ጀመሩ። ስንት ሰዓት ተጉዘን የመጣንበት ዝግጅት በአምስት ደቂቃ ሊፈርስ ነው።

አሥር አለቃ ጣሪያውን አዩ። ሰዉን አዩ። ወደ እኔ መጥተው አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉና ጮኹ፦ "ያቺ ነገራችሁ አለች?"

"የቷ?"

"ዝንጀሮዋ!"

"ይሰርዙኛል!" ብዬ መለስኩላቸው።

"መዝገቡ ቦንጋ ነው! ግቢ!"

ብርድ ልብሱን ፈታሁ። ገመዶቹን ሰካሁ፤ ጊታር ወደ ቴፑ፣ ቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ቀዩን ተጫንኩ፣ መጠኑን እስከ ጥግ። ማቴዎስ መታ። የጊታሩ ማጓራት ከቆርቆሮው ጩኸት በታች ገብቶ ወለሉን ያዘ፤ በጫማዬ በኩል ተሰማኝ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከማይኩ አንድ ክንድም፣ ሁለት ክንድም አልራቅሁም። ከንፈሬን አስነክቼ ከሆዴ አወጣሁት።

ዝናቡን ቀደደው! ከኋላ ረድፍ ሊወጡ የነበሩ ገበሬዎች ቆሙ። ሁለተኛው ዙር ላይ "ልቀቅ!" ስል ተማሪዎቹ አብረው "ልቀቅ!" አሉ፤ ወንበር ላይ ወጡ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ይዘው እየሳቁ ይወዛወዛሉ። ከዚያ ከጎኔ የማላውቀው ነገር ሰማሁ። አሥር አለቃ ጥሩምባቸውን አንሥተው ነበር። ያ ጥሩምባ ሜዳ ላይ ለሺህ ወታደር እንዲሰማ የተሠራ ነው፤ ቆርቆሮ የሚያግደው አይደለም። እኔ ስጮኽ እሳቸው ይመልሱልኛል። ዘፈኑን አራት ጊዜ ደገምነው። ስንጨርስ ዝናቡ እንደቆመ ያወቅነው ጭብጨባው ጋብ ሲል ነው።

ዕቃ ስንሰበስብ አንድ የተጋበዙ የመንግሥት ቢሮ ሰው ወደ አሥር አለቃ መጡ።

"አሥር አለቃ፣ ዝግጅቱ ደስ ይላል። ግን ያቺ የመጨረሻዋ… ዝንጀሮው ማን ነው?"

አሥር አለቃ ጥሩምባቸውን እየወለወሉ ነበር። ቀጥ ብለው ቆሙ። "ዝንጀሮ ነው ጌታዬ። በቆሎ የሚበላ።"

ሰውየው ሌላ ጥያቄ ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከኋላቸው የቆሙ አንድ ገበሬ ጣልቃ ገቡ። "እውነታቸውን ነው፣ ዘንድሮማ ጨረሰን እኮ! ልጅቷ እኔ ማሳ ላይ መጥታ ብትጮኽልኝ ምን አለበት?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የቢሮው ሰውም ሳቁና ሄዱ። የአሥር አለቃ እጅ ጥሩምባው ላይ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። መንቀጥቀጡ ሲበርድላቸው "ሁለተኛው ዙር ላይ ከምት ቀደምሽ" አሉኝ።

ቦንጋ እንደተመለስን በመጀመሪያው የልምምድ ቀን መዝገቡን ከፈቱ። ስሜን ፈለጉ። "ተቀባይ" የሚለውን በማስመሪያ ሰረዙት። በላዩ በዚያ በወታደር ጽሑፋቸው "ተለዋጭ ድምፃዊ" ብለው ጻፉ። ዋና አላሉኝም። ዋና ለመሆን ሌላ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ያም ዓመት ተገቢ ነበር፤ ገና ብዙ የማላውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ መድረክ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ሆቴል ውስጥ የሰው ዘፈን ዘፈንኩ፤ ሁለት ባንድ ፈረሰብኝ፤ ሦስተኛው ቆመ። አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ባለሙያው ድምፄን አለስልሶ ሲያሰማኝ ሌላ ሴት የሰማሁ መሰለኝ፤ እንዲመልሰው ለማስረዳት ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ሮክ የምትዘፍን የካፋ ልጅ ምን ትመስላለች ብለው ሊያዩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሊሰሙ ቆዩ። ዛሬም መድረክ ላይ ለመውጣት ሦስት ደቂቃ ሲቀረኝ ገመዶቼን አንድ በአንድ እፈትሻለሁ።

በዚህ ሥራ ለሚጀምሩ እህቶቼ የምለው አጭር ነው። ድምፅ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው የሚሰማበት ቦታ ከታወቀ በኋላ ነው። አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ ቦታውን ስሙ፤ ገመዳችሁን በራሳችሁ እጅ ሰኩ፤ ምት ጠብቁ። ከዚያ ዝፈኑ።